ምክንያትን የሚያስረዳ አንቀጽ

አንድን ነገር ከሌላው አስበልጠን ስንመርጥ «ያማረ ነው» ማለት ብቻ አይበቃም፤ ምክንያታችንን መግለጽ ይገባናል። የሚከተለውን አንቀጽ በጥሞና አንብቡ።

ከሳሪስ አቦ የሚነሣ ቤተሰብ ሐይቅ ዳር ድንኳን ተክሎ ሊያድር ቢያስብ፣ መንገዱ በቃሊቲ አድርጎ ወደ ስምጥ ሸለቆ ይወስደዋል። የቢሾፍቱ ሐይቆች ቅርብ ናቸው፤ ነገር ግን እሳተ ገሞራ በፈጠራቸው ጉድጓዶች ውስጥ ስለሚገኙ ዳርቻቸው ገደላማ ነው፤ ለሕፃናት ያሰጋል። የዝዋይ ዳርቻ ሜዳማ ቢሆንም ጉማሬ ይኖርበታል፤ በቀንድ አውጣ አማካይነት የሚተላለፈው ቢልሃርዚያም አለበት። ላንጋኖ ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ የውኃውም መልክ ቡናማ ነው፤ ነገር ግን ከቢልሃርዚያ ነፃ መሆኑ ስለሚነገርለት ብዙዎች ይዋኙበታል። ስለዚህ ቤተሰቡ ከቅርበትና ከውበት ይልቅ የልጆቹን ጤና ካስቀደመ ላንጋኖን ይመርጣል።

በአንቀጹ ውስጥ «ነገር ግን» ተቃራኒ ሐሳቦችን፣ «ስለ» ምክንያትን፣ «ስለዚህ» ውጤትን እንደሚያያይዙ አስተውሉ።

መልመጃ
1. «ስለ» የገባባቸውን ግሦች ከአንቀጹ አውጡ።
2. ተጓዡ መኝታ በተገጠመለት መኪና የሚያድር ቢሆን ኖሮ የትኛውን ሐይቅ ትመርጡለት ነበር? ምክንያታችሁን በአንድ አንቀጽ አስረዱ።