«ምድር» የሌለው ሶኬት፦ አዲስ ቤት ስንገባ ልንመረምረው ስለሚገባን ፊዚክስ

ከባሕር ማዶ ተመልሶ በአዲስ አበባ ቤት የሚከራይ ሰው አስቀድሞ የሚጨነቀው ስለ ኪራዩና ስለ ትራንስፖርቱ ነው፤ መብራትና ውኃ «አለ» ከተባለ በቂ ይመስለዋል። እኛም የዶክትሬት ትምህርታችንን በስዊድን አገር በኡፕሳላ ፈጽመን ስንመለስ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የተከራየነውን ቤት ያየነው በዚሁ ዓይን ነበር። በኡፕሳላ የመስመሩ ባለቤትና የኤሌክትሪኩ ሻጭ እ.ኤ.አ. ከ1996 ወዲህ የተለያዩ ድርጅቶች በመሆናቸው ሁለት ውል መፈረሙ ጥቂት ግር ከማሰኘቱ በቀር፣ ከግድግዳው በስተኋላ ስላለው ሽቦ ያሰብንበት ቀን አልነበረም። በላፍቶ ግን ገና ወር ሳይሞላን ልጃችን በእርጥብ እጇ የልብስ ማጠቢያ ማሽኑን ነክታ «አባዬ፣ ነዘረኝ!» ብላ ጮኸች።

ወደዚያ ከመመለሳችን በፊት፣ ከአሜሪካ ዕቃ ይዘው ለሚመጡ ወገኖች አንድ ስሌት እናስቀድም። በ120 ቮልት 900 ዋት የሚወስድ የቡና ማፍያ ሬዚስታንሱ 16 ኦም ነው። ይኸው ዕቃ በአገራችን 220 ቮልት ላይ ቢሰካ፣ ኃይሉ የቮልቴጁን ስኩዌር ተከትሎ ስለሚያድግ፣ ወደ 3,025 ዋት ይደርሳል፤ ዕድሜውም ከአንድ ስኒ ቡና አያልፍም። ትራንስፎርመር ቮልቴጁን ያስተካክላል፤ ድግግሞሹን ግን አይለውጥም። በአሜሪካ 60፣ በእኛ አገር 50 ኸርዝ በመሆኑ፣ የመስመሩን ድግግሞሽ እየቆጠረ የሚሠራ ሰዓት እዚህ በየሰዓቱ 10 ደቂቃ ወደ ኋላ ይቀራል።

አሁን ወደ ማሽኑ እንመለስ። ከሰፈሩ ትራንስፎርመር የሚነሡት ሦስት ፌዝና አንድ ኒውትራል ናቸው። በማናቸውም ሁለት ፌዝ መካከል 380፣ በአንድ ፌዝና በኒውትራል መካከል 220 ቮልት ይገኛል። ወደ ተራ መኖሪያ ቤት ከምሰሶው የሚገቡት ግን ሁለት ሽቦዎች ብቻ ናቸው፤ ፌዝና ኒውትራል። ሦስተኛው፣ ማለትም የምድር ሽቦ፣ በግቢው ውስጥ በተቀበረ ዘንግ አማካይነት መሠራት አለበት። ነዋሪው ዛሬም «መብራት ኃይል» የሚለው፣ ከ2006 ዓ.ም. ወዲህ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት የተባለው ተቋም ቆጣሪውን ይተክላል፤ ከቆጣሪው ወዲህ ያለው የቤቱ ሽቦ የባለቤቱ ጉዳይ ነው። በእኛ ቤት ሶኬቶቹ ሁሉ የምድር መገናኛ ነበራቸው። አንዱን ፈትተን ስናይ ግን መገናኛው ከምንም ጋር አልተያያዘም። ለዓይን የተቀመጠ ጌጥ ነበር።

ታዲያ ማሽኑ ሳይበላሽ ለምን ነዘረ? ብዙዎቹ ዘመናዊ ማሽኖች የኤሌክትሪክ ረብሻን የሚያጣሩ ሁለት ትናንሽ ካፓሲተሮች አሏቸው፤ አንዱ ከፌዙ፣ ሌላው ከኒውትራሉ ወደ ብረቱ አካል የተገናኙ ናቸው። የምድር ሽቦ ከሌለ የብረቱ አካል በሁለቱ መካከል ይንጠለጠልና ወደ 110 ቮልት ገደማ ይይዛል። በካፓሲተሮቹ በኩል ሊያልፍ የሚችለው ኮረንት እጅግ ጥቂት ስለሆነ ያስደነግጣል እንጂ አይገድልም። አደጋው ያለው መልእክቱን በመናቅ ላይ ነው። ነገ የአንዱ ሽቦ ሽፋን ቢላጥ ብረቱ ሙሉውን 220 ቮልት ይይዛል፤ የረጠበ ሰውነት ሬዚስታንስ 1,000 ኦም ያህል ቢሆን 220 ሚሊአምፔር በሰውየው ያልፋል። የልብን ምት ለማዛባት ከዚህ ያነሰው በቂ ነው።

የጠራነው ባለሙያ መፍትሔው ቀላል መሆኑን ነገረን፦ በሶኬቱ ውስጥ የምድሩን መገናኛ ከኒውትራሉ ጋር በአጭር ሽቦ ማያያዝ። መንዘሩ በእርግጥ ይጠፋል። እኛም፣ ማፈራችንን አንሸሽግም፣ ለጥቂት ተስማምተን ነበር። ነገር ግን ኒውትራሉ በምሰሶው ላይ ቢበጠስ፣ ከፌዙ የተነሣው ቮልቴጅ በበራ አምፖል ወይም በምድጃ በኩል አልፎ በቤቱ ያለውን ብረት ሁሉ ይይዘዋል። አንዲት የምትነዝር ማሽን ልናድን ስንል ማቀዝቀዣውንም ምድጃውንም ወጥመድ ልናደርጋቸው ነበር።

ስለዚህ ዘንግ አስቀበርን። የላፍቶ፣ የለቡና የጀሞ አካባቢ ብዙው መሬት ጥቁር መረሬ ነው፤ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። በጥር ስንለካ የዘንጉ ሬዚስታንስ 38 ኦም፣ በነሐሴ 15 ኦም ሆነ። ብልሽት ቢደርስ በዘንጉ የሚያልፈው ቢበዛ በጥር 5.8፣ በነሐሴ 14.7 አምፔር ነው። የሶኬቶቹ ብሬከር ግን ባለ 16 አምፔር ስለሆነ በሁለቱም ወቅት አይወድቅም! ዘንጉ ብቻውን በቂ አለመሆኑን ብዙ ሰው፣ ባለሙያዎችም ጭምር፣ አይገነዘቡትም።

የጎደለው በፌዝ የሚወጣውንና በኒውትራል የሚመለሰውን ኮረንት የሚያነጻጽር መቁረጫ ነበር። ሁለቱ ሽቦዎች በአንድ የብረት ቀለበት ውስጥ ያልፋሉ። ሁለቱ ኮረንቶች እኩል ከሆኑ የማግኔት መስኮቻቸው ይጣፋሉ፤ ከፊሉ በሌላ መንገድ ወደ ምድር ከሄደ ግን የተረፈው መስክ በቀለበቱ ላይ በተጠመጠመው ጥቅል ውስጥ ቮልቴጅ ያመነጫል፤ ያም መቁረጫውን ያስፈነጥራል። 30 ሚሊአምፔር ይበቃዋል። በ38 ኦም ዘንግ ይህ ማለት የማሽኑ አካል 1 ቮልት በጥቂት እንዳለፈ መስመሩ ይቋረጣል ማለት ነው።

ሳጥኑ ተከፍቶ ሳለ የእንጀራ ምጣዱንም መስመር አየን። 3,500 ዋት የሚወስድ ምጣድ 16 አምፔር ያህል ይስባል። በአንድ የላላ መገጣጠሚያ ላይ 0.1 ኦም ብቻ ቢኖር በዚያች ነጥብ 25 ዋት ይነድዳል፤ የራዲዮ ጠጋኝ መበየጃ በግድግዳው ውስጥ ተቀብሮ በርቶ እንደ መተው ነው። መገጣጠሚያው ጠቁሮ አገኘነው። ምጣዱ ለብቻው፣ ከሳጥኑ በቀጥታ የሚነሣና መሐል ላይ ያልተቀጠለ ወፍራም ሽቦ ተዘረጋለት።

ስለ ውኃው የምንለው አጭር ነው። ግፊት የሚገኘው ከሮቶው ስፋት ሳይሆን ከከፍታው ሲሆን፣ አንድ ሜትር ከፍታ የሚሰጠው 9.8 ኪሎፓስካል ገደማ ነው። ሮቶው ከሻወሩ በሁለት ሜትር ብቻ ከፍ ያለ እንደሆነ፣ በውኃ ግፊት የሚነሣ ማሞቂያ ላይነሣ ይችላል። ሮቶውን ከፍ ለማድረግ የሚያስብ ሁሉ ደግሞ 1,000 ሊትር ውኃ አንድ ቶን እንደሚመዝን፣ ማማውም የሚቆመው በዚያው በሚያብጠውና በሚሰነጠቀው መረሬ ላይ እንደሆነ አስቀድሞ ያስላ። የእኛው ማማ በሁለተኛው ክረምት ወደ ጎረቤት አጥር ዘንበል ብሎ ውኃውን አጉድለን አቃንተነዋል።