ያረጀ የኤሌክትሪክ መስመር ሲታደስ የሚደረግ ጥንቃቄ

አዲሱ ምሰሶ በአሮጌው መስመር ላይ ቢተከል እንመርጣለን፤ ከማሳና ከደን የሚወሰደው መሬት ያንሳልና። በተዳፋት ላይ ዛፍ ሲቆረጥ ጉቶው አይነቀል፤ አፈሩን ይይዛል። በሽቦው ሥር ጤፍ ይዘራል፤ ባሕር ዛፍ ግን አይተከል።

አብልጠን የምናሳስበው ስለተነቀለው የእንጨት ምሰሶ ነው። ገበሬው ለማገዶ ወይም ለጎተራ ይፈልገዋል፤ እንጨት በጠፋበት አገር አይፈረድበትም። ሆኖም ምሰሶው ምስጥ እንዳይበላው በክሪዮሶት ወይም አርሴኒክ ባለበት መድኃኒት የተነከረ ነው። ጭሱ ሰው ይመርዛል፤ አርሴኒክ ያለበት አመድ ጓሮ ከተደፋ አፈሩን ይበክላል፣ ከብት ከላሰውም ይገድላል። የአሮጌ ትራንስፎርመር ዘይትም ለመጥበሻም ሆነ ለቁስል ከቶ አይዋል።

አዋጅ ቁጥር 299/1995 በአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ የነዋሪው አስተያየት እንዲካተት ደንግጓል። ስለዚህ የልማት ሠራተኛው ማኅበርተኛውን ሰብስቦ፣ አሮጌው ምሰሶ ወዴት እንደሚወሰድ ሥራው ሳይጀመር ጠይቆ በቃለ ጉባኤ ያስፍር።