አዱሊስ፤ የፈረሰችው ከተማና ያልጠፋው ጽሕፈቷ

ከምጽዋ በስተ ደቡብ፥ በኤርትራ ምድር፥ በዙላ ባሕረ ሰላጤ አጠገብ ደለል የዋጠው ፍርስራሽ ይገኛል። ይህ የአክሱም መንግሥት የባሕር በር የነበረችው የአዱሊስ ከተማ ነው።

በ1ኛው መቶ ዓመት ስለ ቀይ ባሕር ጉዞ በጽርእ ቋንቋ የተጻፈው መጽሐፍ እንደሚመሰክረው፥ ከአዱሊስ የዝሆን ጥርስና የአውራሪስ ቀንድ ይወጣ፥ ወደ እርስዋም ልብስ፥ ብረት፥ ወይንና ዘይት ይገባ ነበር። እስከ አክሱም የ8 ቀን መንገድ ነበር። በ1868 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) የእንግሊዝ ጦር በአቅራቢያው በሰፈረ ጊዜ በተደረገው ቍፋሮ፥ ከቍስጥንጥንያ አጠገብ ከማርማራ ደሴት በመጣ ዕብነ በረድ ያጌጠ ቤተ ክርስቲያን ተገኘ።

ከ6ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ግን ፋርስ የመንን ያዘች፤ በ7ኛው መቶ ዓመትም የቀይ ባሕር ኀይልና ንግድ ወደ ሌላ እጅ ተላለፈ። ነጋዴ የራቃት ከተማ ሰው አጣች፤ ጐርፍም በደለል ቀበራት።

ከዚህ ሁሉ በፊት ዐፄ ካሌብ ወደ ሂምያር ለመዝመት ሲሰናዱ፥ በአዱሊስ ከዕብነ በረድ ዙፋንና ከኋላው ከቆመው ሐውልት ላይ የተቀረጸው ጽሕፈት ተቀድቶ እንዲላክላቸው የከተማይቱን ሹም አዘዙ። ሹሙም ኮስማስ የተባለውን ነጋዴና ባልንጀራውን ሜናስን አሠራቸው። እነርሱም አንዱን ቅጅ ለሹሙ ሰጡ፤ አንዱን ለራሳቸው አስቀሩ።

ለንጉሡ የተላከው ቅጅ እኛ ዘንድ አልደረሰም። ዙፋኑም ሐውልቱም እስከ ዛሬ አልተገኙም። ኮስማስ አስቀርቶ በመጽሐፉ ያገባው ግን ደረሰን።

ኮስማስ ሁለቱን ጽሕፈቶች የአንድ ንጉሥ ቃል መስለውት ነበር። ነገር ግን እንዳነበበው ስለ ጻፈው፥ የሐውልቱ የግብጹ ንጉሥ የ3ኛው በጥሊሞስ፥ የዙፋኑ ደግሞ ስሙ ያልቀረ የአክሱም ንጉሥ መሆኑን የኋላ ሊቃውንት ለይተው ለማወቅ ቻሉ። ቃሉን ለራሱ አሳብ እንዲስማማ አቃንቶት ቢሆን ኖሮ፥ ስሕተቱን የሚያርም ባልተገኘም ነበር።

እንግዲህ በየገዳማቱና በየአድባራቱ ብራና በእሳት፥ በዝናምና በምስጥ እንዳይጠፋ ለምንጠብቅ ካህናት ትምህርቱ ይህ ነው፤ መጽሐፉ ሳይደበዝዝ ይቀዳ፤ ቅጁም ከአንድ ዕቃ ቤት ብቻ አይቀመጥ፤ ያልገባን ቃል ቢኖርም እንደ ተገኘ ይጻፍ። ለእኛ የተሰወረው ከእኛ በኋላ ለሚመጣ ሊቅ ይገለጥለት ይሆናልና።