ትልቋ ግቢ ስትገባ

ሐዋሳ፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.። ጠያቂው ፒያሳ አካባቢ ልብስ የሚሰፋ የሦስት ልጆች አባት ነው፤ ባለቤቱ ነርስ ናት። የሚያማክራቸው ጎረቤቱ ረጅም ዘመን ያስተማሩ፣ ልጆቻቸውንም አንድ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ያስገቡ ጡረተኛ መምህርት ናቸው። ሰፈሩ «እትዬ» ይላቸዋል።

አባት፦ እትዬ፣ የትልቋ ልጄ ምደባ ወጣ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ደረሳት።

እትዬ፦ እሰይ! እንኳን ደስ ያለህ። ምነው ታዲያ ፊትህ ጠቆረ?

አባት፦ ደስታውማ አለ። ከተፈታኙ ከመቶ 8.4 ብቻ ባለፈበት ዓመት ልጄ አልፋ እንዴት ደስ አይለኝ? ግን እንቅልፍ አጣሁ። ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ቆሞ እሷን ሺህ ኪሎ ሜትር ያርቋታል?

እትዬ፦ ምደባ እንዲህ ነው። የጎንደሩ ልጅ እዚህ ይመጣል፣ የሐዋሳዋ እዚያ ትሄዳለች። እንቅልፍ የነሳህ ግን ርቀቱ ብቻ ነው?

አባት፦ እውነቱን ልንገርዎት፤ ቤቱም አሳስቦኛል። እናቷ አዳር ስትገባ ቤቱን የምትይዘው እሷ ናት።

እትዬ፦ እስቲ ምን ምን ትሠራለች? ሳትቸኩል ንገረኝ።

አባት፦ ጠዋት የትንሿን ፀጉር ትሠራለች፣ ምሳ ዕቃዋን ቋጥራ ትምህርት ቤት ታደርሳታለች። ከሰዓት ወንድሟን ሒሳብ ታስጠናዋለች። እናቷ ከአዳር ስትመለስ እንቅልፍ እንዳይረበሽባት ልጆቹን ይዛ ትወጣለች። የመብራት ካርድ የምታስሞላው እሷ ናት። ደንበኛ በቴሌብር ሲከፍለኝ ገንዘቡ መግባቱን የምታይልኝ እሷ ናት። የዕቁቡን ደብተርም... እሱንም እሷ ናት የምትጽፈው።

እትዬ፦ በል፣ ሻንጣ ከመግዛትህ በፊት ይህን አስብበት። ሦስተኛ ወላጅ ነበረችህ ማለት ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ያልሞላት ወላጅ። አሁን ያቺ ልጅ ጎንደር ሄዳ ተማሪ ብቻ እንድትሆን ካልፈታሃት፣ እዚያም ሆና የዚህን ቤት ሥራ ነው የምትሠራው።

አባት፦ ከዚያ ሆና ምን ልትሠራ ትችላለች?

እትዬ፦ በስልክ ነዋ። «ወንድምሽ አልሰማ አለኝ፣ ምከሪው።» «የቴሌብሩ ቁጥር ጠፋኝ።» «እናትሽ አኩርፋኛለች።» እሷ ደግሞ ታላቅ ናትና እምቢ አትልም። ሌሎቹ ላይብረሪ ሲገቡ እሷ ኮሪደር ላይ ቆማ ቤት ታስተዳድራለች። ሁለት ሥራ በአንድ ራስ! ደጋግሜ ያየሁት ነገር ስለሆነ ነው አጥብቄ የምነግርህ። በተለይ ሴት ታላቆች ላይ ይበረታል።

አባት፦ ታዲያ ምን ላድርግ? እጄ ከስፌት መኪናው አይላቀቅም።

እትዬ፦ እሷ እዚህ እያለች ሥራውን አከፋፍሉ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባል የለ? ቴሌብሩን አንተው ተማር፤ የምስጢር ቁጥሩን ራስህ ያዝ። የዕቁቡን ደብተር ዛሬውኑ ተረከብ። ትንሿን ትምህርት ቤት የማድረሱን ነገር ከባለቤትህ ጋር የአዳር ፕሮግራሟን አይታችሁ ተነጋገሩበት፤ ከጎረቤት ልጅ ጋር አብራ የምትሄድበት ቀንም አይጠፋም። ሁሉን ሰብስበህ ለወንድ ልጅህ እንዳታሸክም ብቻ።

አባት፦ እሱማ አሥረኛ ክፍል ነው። «እንግዲህ ትልቁ አንተ ነህ» ብዬዋለሁ።

እትዬ፦ ምን አለህ?

አባት፦ ዝም አለኝ።

እትዬ፦ ዝም ይላላ! የክፍል ኃላፊ በነበርኩባቸው ዓመታት እንዲህ ያለ ልጅ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ይታወቀኝ ነበር። ማርፈድ ይጀምራል፣ የቤት ሥራ ይቀራል፣ ጠርቼ ስጠይቀው «እህቴ ግቢ ገብታለች» ይለኛል። ቤቱ የእሷን ጫማ አጥልቆበት፣ የእሷን ያህል ውጤት አምጣ ይለዋል። ልጁ ደግሞ ለብቻው እህቱ ናፍቃዋለች፤ ይህን የሚጠይቀው ሰው የለም። አንተ ጠይቀው። ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ወስደህ ዓሣ አብላው፣ ሁለታችሁ ብቻ ሁኑና አውራው። ከእህቱ ሥራ ራሱ መርጦ አንድ ነገር ይያዝ፤ የቀረው የአንተና የእናቱ ነው።

አባት፦ ትንሿስ? ከእህቷ ጋር ነው የምትተኛው። «ነገ ትመለሳለች» እያልን እናባብላት ብለን ነበር።

እትዬ፦ ኧረ ተው! የሰባት ዓመት ልጅ ነገን ታውቃለች። ነገ ሲመጣ እህቷ ካልመጣች ሁለተኛ አታምንህም። ካላንደር ግድግዳ ላይ ስቀልላት፤ የሴሚስተር ዕረፍት የሚሆነው እዚህ አካባቢ ነው ብለህ አሳያት። አልጋው ላይ ለብቻዋ መተኛትም እህቷ ሳትሄድ ትለማመድ።

አባት፦ ሌላው ያስጨነቀኝ እናቴ ናት። ይርጋዓለም ነው ያለችው፤ ዘንድሮ ድካም በዝቶባታል። አንድ ነገር ብትሆን፣ ልጅቷ ፈተናዋን እስክትጨርስ እንደብቃታለን ብለን ተነጋግረናል።

እትዬ፦ ይህ የአገሩ ወግ ነው፤ አልነቅፈውም። ተማሪ በፈተና ሰዓት አይረዳም። ለዕረፍት ሲመጣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ ሰው ደግፎት ነው መርዶ የሚሰማው። ርኅራኄ አለበት። ግን ያ ወግ የቆመው ዜና በደብዳቤ በሚሄድበት ዘመን ነበር። ዛሬ የአጎት ልጅ ከቀብር ሳይመለስ «ነፍስ ይማር» ብሎ የሟችን ፎቶ ቴሌግራም ላይ ይለጥፋል። አንዲት ያስተማርኳት ልጅ ላይብረሪ ቁጭ ብላ የአያቷን ሞት ከስልኳ አነበበች። ሐዘኑን ቻለችው። ያልቻለችው ቤተሰቧ በዚያው ሳምንት «ሁላችንም ደህና ነን፣ አያትሽ ሰላም ትልሻለች» ማለቱን ነው። ከዚያ ወዲያ እናቷ ደህና ነን ስትላት አታምንም፤ እውነት መሆኑን ለማረጋገጥ ለጎረቤት ትደውላለች። ዓመቱን ሙሉ እንዲህ ሆነች።

አባት፦ ታዲያ ፈተና ላይ ሆና ይነገራት?

እትዬ፦ እሷን ጠይቃት እኮ ነው የምልህ። አሁን፣ አያቷ በሕይወት እያሉ፣ ሰክናችሁ ተቀምጣችሁ። «ከባድ ነገር ቢመጣ ወዲያው ልስማ ትያለሽ ወይስ ፈተናው ይለፍ? በማን አፍ ትሰሚ?» አንዷ «ንገሩኝ» ትላለች፣ ሌላዋ «ቆዩልኝ» ትላለች። የመረጠችውን አክብሩ። ንገሩኝ ካለች ደግሞ ለብቻዋ ሆና በስልክ እንዳትሰማ፤ መጀመሪያ ለዶርም ጓደኛዋ ወይም እዚያ ላለ ትልቅ ሰው ደውላችሁ አጠገቧ ሰው ይኑር። ከመሄዷም በፊት ይርጋዓለም ውሰዳትና አያቷ ይመርቋት።

አባት፦ ይህን ቅዳሜ እወስዳታለሁ።

እትዬ፦ ጎሽ። ትልቁን ነገር አትደብቋት፣ ጥቃቅኑን ግን አትጫኑባት። የቤት ኪራይ ተጨመረ፣ ወንድሟ አመሸ፣ ከሚስትህ ተጋጨህ፤ ከዚያ ሆና የማትጠግነውን ነገር ለምን ትሸከማለች?

አባት፦ አንድ ነገር ግን አልዋጥልኝ አለ፣ እትዬ። እኔም ታላቅ ነበርኩ። አባቴ ሲሞት ስፌት ተምሬ ታናናሾቼን አሳድጌያለሁ። ታላቅ የአባት ምትክ ነው። ልጄ ተምራ ታናናሾቿን እንድትረዳ ባስብ ጥፋት ነው?

እትዬ፦ አይደለም። አንተ ያደረግከው ክብር ነው፤ ይህ ሰፈር ያውቀዋል። ግን አንተን ያሸከመህ ሞት ነው፤ እሷ አባትም እናትም አላት። ነገ ደመወዝተኛ ስትሆን ታናናሾቿን ብታስተምር ከልቧ ወድዳ ታድርገው። በሽኝቱ ቀን ዘመድ በተሰበሰበበት «አንቺ ተምረሽ ታወጪናለሽ» ተብሎ ሲጫንባት ግን መራራ ነው። እንዲህ ተብሎ የተሸኘ ልጅ አንድ ኮርስ ላይ ቢወድቅ ለአባቱ መንገር ያቅተዋል። የወደቀው እሱ ብቻ አይመስለውማ፤ ቤተሰቡን ይዞ የወደቀ ይመስለዋል።

አባት፦ ... ይህን ቃል አጎቷ ትናንት ብሏታል። እሷም ፈገግ አለች።

እትዬ፦ ፈገግታዋን አትመን። አንተ አባቷ በሰው ፊት መልስላት። ስትመርቃት «ቤቱን እኔና እናትሽ ይዘነዋል፤ አንቺ ትምህርትሽን ያዢ» በላት። አጎትየውም ይስማ።

አባት፦ ሕክምና እንድትይዝልን ግን እናቷም እኔም...

እትዬ፦ ቆይ! ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ኮርስ ነው፤ ዲፓርትመንት የሚመረጠው ከዚያ በኋላ ነው፣ እሱም በውጤት። አሁን ስለ ሕክምና ማውራት ማስጨነቅ ብቻ ይሆናል። ዓመቱን ትየው፣ ራሷም ምን እንደምትወድ ትወቅ።

አባት፦ ገንዘቡስ? ዶርሙና ምግቡ ከመንግሥት ነው ብለውኛል።

እትዬ፦ አዎ፣ ወጪ መጋራት ትፈርማለች፤ ክፍያው ተመርቃ ሥራ ስትይዝ ነው። አንተ የምትልከው የኪስ ነው። ትንሽ ይሁን፣ ግን ወር ገብቶ በታወቀ ቀን ይድረሳት። ለፎቶኮፒና ለሳሙና መለመን ልጅን ያሳፍራል፤ ሴት ልጅ ደግሞ ለሞዴስ ብር ላኩ ለማለት አባቷን አትደፍርም። ዕቃውን ዩኒቨርሲቲው በጥሪው ማስታወቂያ ይዘረዝረዋል፤ ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ የትራስ ልብስ፣ የስፖርት ትጥቅ፣ የትምህርት ማስረጃ ዋናውና ኮፒው፣ ጉርድ ፎቶ። እናቷ በሶና ዳቦ ቆሎ ትጨምርበት። በሶው በርከት ይበል፣ ዶርም ውስጥ ብቻን አይበላም። ለማታው ብርድ ወፍራም ሹራብ አትርሱ።

አባት፦ የመንገዱን ደኅንነት ሳስብ ደግሞ...

እትዬ፦ በመንገዱ ነገር በባዶ አላጽናናህም፤ ፍርሃትህ ምክንያት አለው። የዩኒቨርሲቲውን ጥሪ ከራሱ ገጽ ላይ ተከታተል፣ በወሬ አትነሳ። ከሐዋሳ ወደዚያ የተመደቡት ልጆች ተፈላልገው አብረው ይሂዱ። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ለመላክ አቅምህ ከቻለ፣ የሽኝቱን ድግስ ቀንስና ለቲኬቱ አውለው። በግ ባይታረድ ማንም አይቀየምህም።

አባት፦ እዚያስ ደርሳ ማን አላት? ዘመድ የለንም።

እትዬ፦ ስለዚህ ደስ የሚል ነገር ልንገርህ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ «ቃል ኪዳን ቤተሰብ» የሚባል ነገር በ2012 ዓ.ም. ጀምሯል። ያ ዓመት ትዝ ይልሃል፤ በየግቢው ግጭት ተነስቶ ስንቱ ልጅ ትምህርቱን ጥሎ ወደ ቤቱ የተመለሰበት ዓመት ነው። ጎንደሮች ያደረጉት ምንድን ነው፣ ከሩቅ የመጣውን አዲስ ተማሪ ከከተማው ነዋሪ ጋር በቃል ኪዳን ማዛመድ። ቤተሰቡ እንደ ልጁ ይቀበለዋል፤ ለበዓል ይጠራዋል፣ ሲታመም ይጠይቀዋል፣ ልጁም እናትና አባት የሚለው ሰው ያገኛል። እንደደረሰች ትመዝገብ። ከዚያ ያንን ቤተሰብ አንተ ራስህ ደውለህ አመስግን፤ ባለቤትህም ከእናትየዋ ጋር ትተዋወቅ። ገናና ጥምቀት ሲመጣ፣ እናንተ እዚህ ወንበሯን እያያችሁ ስታለቅሱ፣ እሷ ጎንደር ላይ ጥምቀትን ከቤተሰብ ጋር ታከብራለች።

አባት፦ እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን አላውቅም ነበር። እግዜር ይስጥዎት።

እትዬ፦ እንግዲህ ያንተም ተራ አለ። ይህች ከተማ የእርሻ ኮሌጁ ከተከፈተበት ከ1968 ዓ.ም. ጀምሮ የሰው ልጅ ስትቀበል የኖረች ናት። ዘንድሮም ከወሎ፣ ከሐረር፣ ከወለጋ ስንቱ ሻንጣውን ይዞ መናኸሪያ ይወርዳል። ታኅሣሥ 19 ገብርኤል ሲነግሥ፣ ለፍቼ ጫምባላላ በዓል ሁሉም ወደ ጉዱማሌ አደባባይ ሲወጣ፣ እነዚያ ልጆች ቤት የላቸውም። እኔ ጋ እሁድ እሁድ የሚመጡ ተማሪዎች አሉ፤ ቡና እናፈላለን፣ ልብሳቸውን ያጥባሉ፣ ሲያሻቸው ይተኛሉ። አንዷን ወደ አንተ ልላካት።

አባት፦ ቤታችን ጠባብ ነው እኮ፣ እትዬ።

እትዬ፦ ልታድር አይደለም የምትመጣው፤ ምሳ በልታ ትሄዳለች። የዳንግላ ልጅ ናት፣ እናቷ በየቀኑ ትደውልላታለች። ትንሿ ልጅህም ፀጉሯን የሚሠራላት ታገኛለች።

አባት፦ ለባለቤቴ ልንገራት። በዚህ እሁድ ከአዳር ወጥታ ትተኛለች፤ የሚቀጥለው ይሁን።

እትዬ፦ የሚቀጥለው ይሁን። ምሳውን ግን ትልቋ እንዳትሠራ፤ አንተና ወንድ ልጅህ ሥሩ።