ከግንቡ ጀርባ ያለው ውሃ፦ የሐይቅ ዳር ተዳፋትን በግንብና በአገር በቀል ተክል ስለመያዝ

ቢሾፍቱን የማያውቅ ተማሪ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው ይህች ከተማ የምትታወቀው በሐይቆቿ ነው። ለሽርሽር የሄደ ሰው ውበታቸውን አይቶ ይመለሳል። በሐይቁ አፋፍ ላይ ቤት ሠርቶ የሚኖር ሰው ግን ክረምት በመጣ ቁጥር አንድ ጥያቄ ያስጨንቀዋል፤ «ግቢዬ ዘንድሮስ ይተርፍ ይሆን?»

ይህን ጥያቄ የሰማሁት ከአክስቴ ነው። የምትኖረው ከባቦጋያ ሐይቅ በላይ ባለው ተዳፋት ላይ ነው። ከግቢዋ በታች ያሠራችው የድንጋይ ግንብ አንድ የነሐሴ ሌሊት ተናደና አጥሩንና ሁለት የፓፓያ ዛፎችን ይዞ ወረደ። ከመኝታ ቤቱ ግድግዳ እስከ ናዳው አፍ የቀረው አራት እርምጃ ብቻ ነበር። እኔም ለክፍል ሥራ ጽሑፍ አቅርቡ ስንባል ይህንኑ ርእስ ያዝኩ። መጀመሪያ የጻፍኩት ጽሑፍ ግን ስሕተት ነበር። ለምን እንደተሳሳትኩ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

አፈሩ ለምን ይወርዳል?

የቢሾፍቱ ሐይቆች እንደ ጣና ሜዳ ላይ የተኙ አይደሉም። ከምድር ውስጥ የወጣ ቅልጥ አለት ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር ተገናኝቶ በፈነዳ ጊዜ በተከፈቱ ጉድጓዶች ውስጥ ነው የተፈጠሩት። ለዚህም ነው ጥልቀታቸው የሚያስደንቀው፤ ባቦጋያ እስከ 65 ሜትር፣ የቢሾፍቱ ሐይቅ ደግሞ እስከ 87 ሜትር ይደርሳሉ። በዙሪያቸው ያለው ገደላማ ዳር በአብዛኛው ፍንዳታው የተፋው አመድና ጠጠር ነው። ይህ አፈር ደረቅ ሲሆን ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ሰውም ጠንካራ ይመስለዋል። ውሃ ሲጠግብ ግን ይከብዳል፣ እርስ በርሱ መያያዙም ይላላል። ከባድ ሆኖ መያዣ ያጣ ነገር ደግሞ ወዴት ይሄዳል? ወደ ታች ነዋ!

ሰውም የራሱን ይጨምርበታል። ሐይቁ እንዲታይ ተብሎ ቁጥቋጦው ይመነጠራል፤ የጣሪያው ውሃ በአሸንዳ ተሰብስቦ በአንድ ቦታ ይለቀቃል። እስቲ እናስላው። ስፋቱ 100 ካሬ ሜትር በሆነ ጣሪያ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል 2,000 ሊትር ውሃ ይሆናል። ይህ ማለት አሥር በርሜል ውሃ በአንድ ዝናብ፣ በአንድ ቦታ ላይ ማፍሰስ ነው።

ግንብ የሚሠራውና የማይሠራው

ግንበኞች «ሪቴይኒንግ ዎል» የሚሉት ደጋፊ ግንብ አፈርን የሚይዘው በዋናነት በራሱ ክብደት ነው። ስለዚህ የግርጌው ስፋት ብዙውን ጊዜ ከከፍታው ግማሽ በላይ እንዲሆን ይደረጋል፤ መሠረቱም ከላይ ባለው ልል አፈር ላይ ሳይሆን ወደ ጠንካራው መሬት ተቆፍሮ ይጣላል።

ዋናው ጠላት ግን አፈሩ ብቻ አይደለም። ከግንቡ ጀርባ የሚጠራቀመው ውሃ ነው። ሁለት ሜትር ከፍታ ካለው ግንብ ጀርባ ውሃ እስከ አፉ ቢሞላ፣ ውሃው ብቻውን በእያንዳንዱ ሜትር ርዝመት ላይ የሚያሳርፈው ግፊት 2 ቶን ይሆናል። የአፈሩ ግፊት ሲጨመርበት ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያቅትም።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ከግንቡ ጀርባ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ጠጠር ይሞላል፤ በግንቡ ውስጥ ደግሞ በየአንድ ሜትር ተኩሉ ወይም በየሁለት ሜትሩ የፒ.ቪ.ሲ. ቱቦ ቁራጭ ይቀበራል። ውሃው በጠጠሩ ወርዶ በቱቦው ይወጣል። የጣሪያው ውሃም ከተዳፋቱ ርቆ በቦይ እንዲሄድ ይደረጋል።

ሌላም ዘዴ አለ። አንድ ረጅም ግንብ ከመሥራት ሁለት አጫጭር ግንቦችን በእርከን መሥራት ይሻላል። ግፊቱ ከፍታው ሲጨምር በእኩል መጠን አይጨምርም፤ ከፍታው እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ነው። የሁለት ሜትሩ ግንብ 2 ቶን ሲሸከም፣ የአንድ ሜትሩ ግማሽ ቶን ብቻ ይሸከማል። ነገር ግን የላይኛው ግንብ በታችኛው ላይ ሸክም እንዳይሆንበት በመካከላቸው ቢያንስ የታችኛውን ከፍታ እጥፍ የሚሆን ቦታ ይተዋል። ተክሉ የሚገባውም እዚህ ቦታ ላይ ነው።

የሥር ሥራ

ግንብ ቆሞ ይጠብቃል እንጂ አፈሩን አያስተሳስርም። ያንን የሚሠራው ሥር ነው። ሰርዶ መሬት ለመሬት እየተሳበ የዝናቡን ጠብታ ይቀበላል፣ የሚወርደውንም ውሃ ያዘገያል። ሰንሰል በቁርጥራጭ ስለሚበቅል በረድፍ ተተክሎ ሕያው አጥር ይሆናል። ወይራ፣ ግራርና ብሳና ደግሞ ሥራቸውን ወደ ጥልቅ ይሰዳሉ፤ ከአፈሩም ውሃ ይመጣሉ። ከታች፣ ከውሃው ጠርዝ ላይ ፊላና ቀጠማ ማዕበሉ ዳሩን እንዳይበላው ይከላከላሉ።

«ባሕር ዛፍስ?» የሚል አይጠፋም። ቶሎ ማደጉ እውነት ነው። ነገር ግን ከሥሩ ሣር እንደልብ ስለማያበቅል መሬቱ ራቁቱን ይቀራል፤ ጎርፍም ያጥበዋል። ከአገር በቀሎችም ቢሆን መምረጥ ያስፈልጋል። ዋርካና ሾላ ግርማ ሞገስ ያላቸው ዛፎች ናቸው፤ ከግንብ አጠገብ ከተተከሉ ግን ሥራቸው ድንጋዩን ይፈለቅቀዋል። ተከላው ዝናቡ መሬቱን ካራሰ በኋላ በሰኔ መጨረሻ ቢሆን ጥሩ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት በጋዎች ውሃ ማጠጣትና ከፍየል መጠበቅ ግድ ይላል። ደግሞም ሥር የሚይዘው የላይኛውን አፈር ነው። ከሥር ከመሠረቱ የሚንሸራተት ገደል ከሆነ መሐንዲስ ሳያዩ ችግኝ ብቻ መትከል ራስን ማታለል ነው።

ለእኛ ለጋዜጠኞቹ

አሁን ወደ ስሕተቴ ልመለስ። የመጀመሪያው ጽሑፌ ጥፋቱን በሙሉ በግንበኛው ላይ የጫነ ነበር፤ አክስቴ የነገረችኝን እንዳለ ነበር የጻፍኩት። መምህሬ አነበበውና «ግንበኛውን አነጋግረሽዋል?» አለኝ። አላነጋገርኩትም።

ፈልጌ አገኘሁት። «ጋሼ፣ ለግንቡ የውሃ ማስወጫ ለምን አላደረጉለትም?» ስለው በሐዘኔታ አየኝ። «አድርጌ ነበር እኮ ልጄ። ውሃው ግንቡን ያቆሽሸዋል፣ ለእንግዳ አያምርም ብለው በሲሚንቶ አስደፈኑኝ። እምቢ ማለት ነበረብኝ» አለኝ። ሄጄ የወደቁትን ድንጋዮች ስገላብጥ አፋቸው በሲሚንቶ የተደፈነ ሦስት ቱቦዎች አገኘሁ።

ለአክስቴ መንገሩ ከመጻፉ ይልቅ ከበደኝ። ቡና እያፈላች ሳለ ነገርኳት። ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ ቆየችና «እንግዲያው ይህንንም ጻፊው፤ ሌላው ሰው እንዳይደፍን» አለችኝ። ይኸው ጻፍኩት። አሁን በእርከን የተሠሩ ሁለት አጫጭር ግንቦች አሏት፤ በመካከላቸውም ሰንሰልና ሰርዶ ይዟል። ዝናብ በዘነበ ቁጥር ቱቦዎቹ ውሃ ሲያንጠባጥቡ ወጥታ ታያለች። ግንቡ እንደፈራችው ቆሽሿል፤ ግን ቆሟል።

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። ለሐይቅ ዳር ነዋሪ ደግሞ «ሳይናድ በቅጠል» ብንለው ያስኬዳል። ለእኛ ለዜና ጸሐፊዎቹም የወደቀ ግንብ ስናይ ማን ሠራው ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም፤ ከጀርባው ምን ተጠራቅሞ እንደነበር ሄደን እንይ።