ጌጥና መገልገያ

ለቤት ተብሎ የሚገዛ ዕቃ ሁለት ግዳጅ አለበት። አንደኛው የተገዛበትን ተግባር መፈጸም ሲሆን፣ ሁለተኛው በተቀመጠበት ስፍራ ለዓይን ደስ ማሰኘት ነው። አንገቱ የተዋበ፣ ሆዱ የተስተካከለ፣ ነገር ግን ቡና ሲቀዳበት በጎን የሚያንጠባጥብ ጀበና የገዛች ሴት ጌጡን የምታደንቀው እስከ መጀመሪያው ስኒ ድረስ ብቻ ነው። እንዲህ ያለው ቅሬታ በጀበና ብቻ የሚወሰን አይደለም፤ እጅግ የረቀቁ የኤሌክትሪክ መሣሪያዎችም ገዢያቸውን በዚሁ መንገድ አሳዝነዋል። ከእነዚህም አንዱ «ሆምፖድ» የተባለው ድምፅ ማጉያ ነው።

ሆምፖድን የሠራው አፕል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሲሆን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ ያሳየው እ.ኤ.አ. በጁን ወር 2017 ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ለገበያ እንደሚያቀርበው ቃል ገብቶ ነበር፤ ይሁን እንጂ ሥራው በተባለው ጊዜ ባለመጠናቀቁ ገዢዎች እስከ ፌብሩዋሪ 9 ቀን 2018 ድረስ መጠበቅ ግድ ሆነባቸው። በዚያን ዕለት በአሜሪካ፣ በእንግሊዝና በአውስትራሊያ መሸጥ ሲጀምር ዋጋው በአሜሪካ 349 ዶላር ነበር። ተመሳሳይ አገልግሎት ከሚሰጡት መካከል የአማዞን ኩባንያ «ኤኮ» 100 ዶላር ያህል፣ የሶኖስ ኩባንያ «ሶኖስ ዋን» ደግሞ 199 ዶላር ያወጡ እንደ ነበር ሲታሰብ፣ የሆምፖድ ዋጋ የቅንጦት ዋጋ መሆኑ ግልጽ ነው።

ዕቃው ሲያዩት ያምራል። ቁመቱ 17 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ክብደቱ 2 ኪሎ ተኩል፣ ቅርፁ እንደ ድብልብል ቅል ነው። ዙሪያውን ስፌት የማይታይበት፣ እንደ መረብ የተሸመነ ጨርቅ ለብሷል። እንደ አንዳንድ ያሸበረቁ ዕቃዎች «ውስጡን ለቄስ» የሚባልም አልነበረም። ከላይ በኩል ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣ ባለ 4 ኢንች ማጉያ፣ ከታች በኩል ደግሞ ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጡ 7 ትናንሽ ማጉያዎች በክብ ተደርድረውበታል። በዙሪያው ያሉት 6 ማይክሮፎኖች የሰውን ትእዛዝ ይሰማሉ። መሣሪያው ድምፁ ከግድግዳ ተጋጭቶ ሲመለስ እያዳመጠ፣ ግድግዳው በየት በኩል እንዳለ ዐውቆ፣ ሙዚቃውን ለክፍሉ እንደሚስማማ አድርጎ ያወጣዋል። ከቦታው ሲነሣም መነሣቱ ይታወቀውና ልኬቱን እንደገና ይጀምራል። መሣሪያውን የመረመሩ ጸሐፊዎች አብዛኞቹ በድምፅ ጥራት በመጠን ከሚስተካከሉት ሁሉ የላቀ መሆኑን መስክረውለታል።

ታዲያ ቅሬታው ከየት መጣ?

ቅሬታው የመጣው ዕቃው ቤት ከገባ በኋላ ነው። «ገመድ አልባ» ይባል እንጂ በውስጡ ባትሪ ስላልነበረው ከግድግዳው ሶኬት ሊለይ አይችልም ነበር፤ ስሙ የሚያመለክተው ሙዚቃው ያለ ሽቦ የሚደርሰው መሆኑን ብቻ ነው። ይህስ ባልከፋ፤ የከፋው ሌላ ነበር። የሸክላ ማጫወቻ ወይም የቆየ ቴፕ ያለው ሰው ከዚህ ድምፅ ማጉያ ጋር ሊያገናኘው ቢፈልግ ሽቦ የሚሰካበት ቀዳዳ አያገኝም። ብዙ ስልኮች ዘፈን የሚያስተላልፉበት ብሉቱዝ የተባለው ዘዴ በመሣሪያው ውስጥ ቢኖርም ለዚህ ተግባር እንዲያገለግል አልተደረገም። መሣሪያውን ገና ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ለማስጀመር እንኳ የዚያው ኩባንያ ስልክ ወይም መሰል መሣሪያ ያስፈልጋል። የሌላ ኩባንያ ስልክ የያዘ እንግዳ ቤት ቢመጣ አንድ ዘፈን ሊያሰማበት አይችልም። በቃል ሲታዘዝም ዘፈን ፈልጎ የሚያጫውተው ኩባንያው ራሱ በወር ክፍያ ከሚያቀርበው የሙዚቃ አገልግሎት ወይም ገዢው ከዚያው ኩባንያ ከገዛቸው ዘፈኖች ነበር። ሆምፖድ ከአፕል ቤተ ዘመድ ውጭ ለመጣ ዕቃ በሩን የዘጋ ነበር ማለት ይቻላል።

ቤት ደግሞ ብዙውን ጊዜ አንድ ሰው ብቻ የሚኖርበት ስፍራ አይደለም። መሣሪያው በመጀመሪያው ዓመት የባለቤቱን ድምፅ ከሌላ ሰው ድምፅ ለይቶ አያውቅም ነበር። ባለቤቱ መልእክቶቹ በድምፅ እንዲነበቡለት ፈቅዶ እንደ ሆነና ስልኩም በቤት ውስጥ ካለ፣ ልጅም ይሁን ጎረቤት «መልእክቶቼን አንብብ» ቢለው ሳያንገራግር ያነብለታል። በወጥ ቤት ለተቀመጠ ደግሞ ሌላ ችግር ገጠመው። ሁለት ድስት የጣደ ሰው ለአንዱ 20፣ ለሌላው 7 ደቂቃ እንዲቆጥርለት ቢሻ፣ መሣሪያው በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ ሰዓት መቁጠር አይችልም። 349 ዶላር የተከፈለበት ዕቃ በዚህ መሸነፉ ብዙዎችን ያስቃቸው ከመሆኑም በላይ አናዷቸዋል። ለእውነት ለመናገር ያህል፣ የሰዓቱ ችግር እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2018፣ የድምፅ መለየቱ ጉዳይም በ2019 መጨረሻ ገደማ በፕሮግራም ማሻሻያ ተቃንተዋል።

በማሻሻያ የማይቃናው ጠረጴዛው ነበር።

ሆምፖድ ገበያ ላይ በዋለ በቀናት ውስጥ፣ በዘይት ወይም በሰም በተወለወለ የእንጨት ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጡት ሰዎች መሣሪያውን ሲያነሡ ከሥሩ ነጭ ክብ ምልክት አገኙ። የመሣሪያው መቀመጫ ንዝረትን እንዲያፍን ሲባል ሲሊኮን ከተባለ ጎማ መሰል ነገር የተሠራ በመሆኑ፣ በሲሊኮኑና በእንጨቱ ቅብ መካከል ቅባት በመተላለፉ የመጣ ምልክት ነው። ኩባንያው ሲጠየቅ፣ እንዲህ ያለ መቀመጫ የተደረገለት ማናቸውም ድምፅ ማጉያ በአንዳንድ የእንጨት ገጽ ላይ ቀለል ያለ ምልክት መተዉ እንግዳ ነገር እንዳልሆነ ገለጸ፤ ምልክቱም ብዙ ጊዜ ከጥቂት ቀናት በኋላ ራሱ እንደሚጠፋ አስረድቶ፣ የሚያሳስበው ሰው ቢኖር መሣሪያውን በሌላ ገጽ ላይ እንዲያስቀምጥ መከረ። መልሱ ሐሰት አልነበረም፤ ሶኖስ ዋንም ተመሳሳይ ምልክት ሲተው ታይቷል። ነገር ግን የሳሎን ጌጥ ይሆናል ተብሎ የተገዛን ዕቃ ከሳሎኑ ምርጥ ጠረጴዛ ላይ አንሡት ማለት ገዢውን የሚያጽናና ቃል አይደለም። ከሬዲዮ ሥር ዳንቴል በሚነጠፍባቸው ቤቶች ነገሩ ሳይታወቅም ባለፈ ነበር። በአሜሪካ ግን ነጋዴዎች ፈጥነው ከሆምፖድ ሥር የሚነጠፍ ክብ ቆዳ በ20 ዶላር ገደማ መሸጥ ጀመሩ።

ቢበላሽስ? አይፊክስኢት የተባለው፣ መሣሪያዎችን እየፈታ ለጥገና ያላቸውን አመቺነት የሚመዝን ድርጅት፣ ሆምፖድ በሙጫ በጥብቅ የተያያዘ መሆኑን ተመልክቶ ከ10 ነጥብ 1 ብቻ ሰጠው። የዋስትናው ጊዜ ላለፈበት ገዢ ኩባንያው የጠየቀው የጥገና ዋጋ 279 ዶላር ነበር።

የኩባንያው ሰዎች የጠበቁት ገበያ አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2019 ዋጋው ወደ 299 ዶላር ዝቅ ቢልም፣ በማርች 2021 የመጀመሪያው ሆምፖድ መሠራቱ እንደሚቋረጥና ኩባንያው ትኩረቱን 99 ዶላር ወደሚሸጠው ትንሹ ሆምፖድ እንደሚያደርግ ተገለጸ። ትልቁ በአዲስ መልክ የተመለሰው በ2023 መጀመሪያ ነው። የኤሌክትሪክ ገመዱ በእጅ እንዲነቀል ሆኗል፤ የሽቦ መሰኪያ ቀዳዳ ግን አሁንም አልተደረገለትም። ነጭ ቀለም ያለውን አዲሱን ሆምፖድ የመረመሩ ሰዎችም፣ በእንጨት ጠረጴዛ ላይ ያንኑ ክብ ምልክት ትቶ ማግኘታቸውን በዚያው ዓመት አስታወቁ።

መልመጃ

ሀ. የሚከተሉትን ጥያቄዎች በምንባቡ መሠረት መልሱ።
1. ሆምፖድ «ገመድ አልባ» መባሉ በምን በኩል ትክክል፣ በምን በኩልስ አሳሳች ነው?
2. በፕሮግራም ማሻሻያ የተቃኑትና ያልተቃኑት ጉድለቶች የትኞቹ ናቸው?
3. ኩባንያው ስለ ነጩ ምልክት የሰጠው መልስ «ሐሰት አልነበረም» ከተባለ፣ ገዢዎች ለምን ቅር ተሰኙ?

ለ. «ግዳጅ»፣ «ያሸበረቀ»፣ «ውስጡን ለቄስ»፣ «ቤተ ዘመድ» የሚሉት በምንባቡ ውስጥ ምን ትርጉም እንዳላቸው ካስረዳችሁ በኋላ፣ በእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ሥሩ።

ሐ. በቤታችሁ ለመልኩ ተገዝቶ በአገልግሎት ጊዜ ያስቸገረ አንድ ዕቃ መርጣችሁ፣ ጉድለቱ የሠሪው ወይስ የገዢው መሆኑን በሁለት አንቀጽ ጻፉ።