ምርጫ ክልል የሌላቸው እንደራሴ

ጥያቄው

በኢትዮጵያ አንድ ሰው የምክር ቤት አባል ነኝ ሲል «ከየትኛው የምርጫ ክልል?» ብሎ መጠየቅ የተለመደ ነው። እስራኤል ውስጥ ይህ ጥያቄ አይሠራም። አገሩ በሙሉ አንድ የምርጫ ክልል ነው፤ መራጩም ድምፁን ለፓርቲ እንጂ ለግለሰብ አይሰጥም። የምክር ቤቱን፣ የክኔሴትን፣ 120 መቀመጫዎች ፓርቲዎች ባገኙት ድምፅ ልክ ይከፋፈሏቸዋል። ታዲያ አንድ አባል የማን ወኪል ነው? ኢትዮጵያ የተወለዱትን የእስራኤል እንደራሴ፣ የፕኒና ታማኖ ሻታን ጉዞ ይዘን እንየው።

ከጎንደር እስከ ክኔሴት

ፕኒና በ1981 ጎንደር አካባቢ ተወለዱ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። በ1984 ገና በሕፃንነታቸው በሱዳን በኩል፣ የኢትዮጵያ አይሁድን ባጓጓዘው የሙሴ ዘመቻ እስራኤል ገቡ። ሕግ አጠኑ፤ በቴሌቪዥን ጋዜጠኝነትም ሠሩ። በ2013 ሲመረጡ ኢትዮጵያ ተወልዳ ክኔሴት የገባች የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። ከወንዶች አዲሱ መሰለ በ1996 ቀድመዋቸዋል።

የተራ ቁጥር ጣጣ

በ2013 ፕኒና በየሽ አቲድ ፓርቲ ዝርዝር 14ኛ ነበሩ። ፓርቲው 19 መቀመጫ አገኘና ገቡ። በ2015 መቀመጫው ወደ 11 ሲወርድ ውጭ ቀሩ። የተመለሱት በ2018፣ አንድ አባል ሲለቁ ተራው ደርሷቸው ነው። ዝርዝሩን የሚያወጡት ደግሞ የፓርቲው መሪ ያኢር ላፒድ ነበሩ።

የደሙ ጉዳይ

በዲሴምበር 2013 የእስራኤል የድንገተኛ ሕክምናና የደም አገልግሎት የሆነው ማጌን ዳቪድ አዶም በክኔሴት ደም ያሰባስብ ነበር። ፕኒናም ሊለግሱ ቀረቡ። በጤና ሚኒስቴር መመሪያ መሠረት ኢትዮጵያ ከተወለደ ሰው ደም እንደማይወሰድ ተነገራቸው። ቀጥሎም ደማቸው ሊቀዳ እንደሚችል፣ ነገር ግን ቀዝቅዞ ከመቀመጥ በቀር ለማንም እንደማይሰጥ ተገለጸላቸው። ንግግሩ ተቀርጾ አገር ሰማው። ቤተ እስራኤል የሚባለው የኢትዮጵያ አይሁድ ማኅበረሰብ በ1996 የለገሰው ደም በስውር እንደሚወገድ ሲያውቅ በቁጣ አደባባይ ወጥቶ ነበር። ያው በደል አሁን የሕግ አውጪዋን በገዛ ምክር ቤታቸው አገኛቸውና ፖለቲከኞቹ ፊት ለፊት ሊነጋገሩበት ግድ ሆነ። መመሪያው ግን ወዲያው አልተነሣም፤ ዓመታት ፈጀ።

ከአባልነት ወደ ሚኒስትርነት

የምክር ቤት አባል ይጠይቃል፣ ይሟገታል፤ ሚኒስትር ያስፈጽማል። ፕኒና በ2020 የአሊያና (የአይሁድ ወደ እስራኤል ፍልሰት) የውህደት ሚኒስትር ሲሆኑ ከኢትዮጵያ ተወላጆች የመጀመሪያዋ ነበሩ። በዚያው ዓመት ካቢኔው ወደ እስራኤል ለመሄድ በኢትዮጵያ ከሚጠባበቁት 2,000 ሰዎች እንዲገቡ ወሰነ፤ እሳቸውም ወደ ኢትዮጵያ ሄደው የመጀመሪያዎቹን ይዘው ተመለሱ። ሚኒስትሯ የቱንም ያህል ቢገፉ ስንት ሰው እንደሚገባ የሚወስነው ግን መላው ካቢኔ ነው።

መልሱ

ፕኒናን ከቤተ እስራኤል ጋር ያስተሳሰራቸው ሕግ ሳይሆን የራሳቸው ምርጫ ነው። መቀመጫቸው ደግሞ በፓርቲ ዝርዝር ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ስለዚህ በዚህ ሥርዓት አንድን እንደራሴ ስትመዝኑ «ለማን ይናገራል?» ብላችሁ ብቻ አትለፉ፤ «ተራ ቁጥሩን የሚሰጠው ማን ነው?» ብላችሁም ጠይቁ።